ደረት ሲታሰር ትንፋሽ ያጥራል

በዛሬው ዐምዳችን የምናነሣው ጉዳይ በብዙ ቤት ያለ፣ ነገር ግን በአደባባይ እምብዛም የማይነገር ነው። ይኸውም ደረትን በሻሽ፣ በፋሻ፣ በመቀነት ወይም በጠባብ ልብስ ጠፍንጎ ማሰር ነው። እናት የልጇን ልብስ ስታጥብ በላብ የራሰና የተጨማደደ ረዥም ጨርቅ ከዩኒፎርሙ መሐል ታገኛለች። አንዳንዷ ምን እንደ ሆነ ሳትጠይቅ አጥባ ታሰጣዋለች። አንዳንዷ ተቆጥታ ትጥለዋለች፤ ልጅቱም በማግሥቱ ሌላ ጨርቅ ትፈልጋለች። በሁለቱም መንገድ ነገሩ ተሸፍኖ ይቀራል። ልጅቱ ግን ዳገት ስትወጣ ታለከልካለች፤ በሰልፍ ላይ ቆማ ዓይኗ ይጨልምባታል፤ ማታ ማታ ጎኗን ይወጋታል። «ብርድ መቷት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ጉዳዩን በተለይ በሰበታ፣ በቡራዩና በሱሉልታ ለሚኖሩ እናቶችና ሠራተኞች ማንሣት የፈለግነው ያለ ምክንያት አይደለም። በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፣ አዲስ አበባን እንደ ቀለበት ከከበቡት ከተሞች ውስጥ ናቸው፤ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህም በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃልለዋል። ብዙው ነዋሪ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ወደ ፋብሪካ፣ ወደ ገበያ ወይም ወደ አዲስ አበባ ይጓዛል፤ የሚመለሰውም ሲመሽ ነው። ስለዚህ ጠዋት የታሰረ ደረት የሚፈታው ማታ ነው። የቦታዎቹ ከፍታ፣ የኩሽና ጭስና የፋብሪካ ብናኝ ሲታከሉበት ደግሞ በሳንባ ላይ የሚወድቀው ሸክም ይበዛል።

እነማን ያስራሉ? ስለ ምን?

በመጀመሪያ የምናገኛቸው ልጃገረዶችን ነው። የሴት ልጅ ጡት ማጎጥጎጥ የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ከክፍል ጓደኞቿ ቀድማ ያጎጠጎጠች የ9 ወይም የ10 ዓመት ልጅ የወንዶቹ ሹክሹክታና ሳቅ፣ በመንገድ ላይ ያለው ለከፋ፣ በታክሲ ውስጥ ያለው ግፊያ ያሸማቅቃታል። አንዱ ጡት ከሌላው ቀድሞ ወይም በልጦ ማደጉም ያስደነግጣታል፤ ይህ ግን የተለመደ ነገር ነው። የሚነግራት ስለሌለ ሻሽ ታገኝና ትጠቀልለዋለች። እዚህ ላይ እናቶች አንድ ነገር እንድታውቁልን እንፈልጋለን። ማሰር የጡትን እድገት አይገታም። ሥቃዩን ብቻ ይጨምራል፤ በማደግ ላይ ያለ ጡት በራሱ ጊዜ እንኳ ሲነኩት የሚያም ነውና።

ሁለተኛዎቹ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። በግንባታ ቦታ ሲሚንቶና አሸዋ የምታመላልስ ሴት ወገቧን ለመደገፍ መቀነቷን ታጠብቃለች። መቀነት በወገብ ላይ ሲውል ደግ ነው። ከፍ ብሎ የጎድን አጥንትን ሲይዝ ግን ሌላ ነገር ይሆናል። ከእንጦጦ ደን ማገዶ ተሸክመው የሚወርዱ እናቶችም የሸክማቸው ገመድ የሚያልፈው በትከሻቸውና በደረታቸው ላይ ነው።

ሦስተኛዎቹ የሚያጠቡ እናቶች ናቸው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አንዲት ሠራተኛ ከወሊድ በኋላ የምታገኘው ፈቃድ 90 ቀን ነው። ፈቃዱ አልቆ ወደ ሥራ ስትመለስ ወተቱ ገና ይፈሳል። በሥራ ቦታ ቀሚሷ እንዳይረጥብባት አጥብቃ ታስራለች። ጡት ለማስጣል የወሰነች እናትም «ወተቱ እንዲደርቅ» ተብላ በነጠላ ትጠፈነጋለች።

አራተኛ፣ ወድቆ ወይም ተመትቶ ጎድኑን ያመመው ሰው አለ። እርሱ ሴትም ወንድም ሊሆን ይችላል። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይመለሳል።

በመጨረሻም ሴት ሆነው ተወልደው ራሳቸውን ግን ወንድ አድርገው የሚያውቁ ሰዎች አሉ። በሌላው ዓለም ትራንስጀንደር ይባላሉ። በኅብረተሰባችን ዘንድ ነገሩ በበጎ ስለማይነሣ ለቅርብ ዘመድ እንኳ መናገር ይከብዳቸዋል። ለእነርሱ የጡት መታየት ከዕፍረት ያለፈ ጭንቀት ነው። ስለዚህ አጥብቀው ያስራሉ፤ ብዙ ሰዓት ያስራሉ፤ ሲያማቸውም ለሐኪም ለመናገር ይፈራሉ። ዐምዳችን የማንንም ሕይወት ለመዳኘት አልተከፈተም። የሁሉም ሳንባ አንድ ዓይነት ነውና ምክሩም ለሁሉም ነው።

ደረት እንዴት ይተነፍሳል?

ደረታችን በ12 ጥንድ የጎድን አጥንቶች የታጠረ ነው። አጥሩ ግን እንደ ግንብ የቆመ ሳይሆን የሚንቀሳቀስ ነው። አየር ስናስገባ ጎድኖቹ ወደ ላይና ወደ ጎን ይከፈታሉ፤ በደረትና በሆድ መካከል ያለውና ድያፍራም የሚባለው ሰፊ ጡንቻ ወደ ታች ይወርዳል። በዚህ ጊዜ በተገኘው ስፍራ ሳንባ ይነፋል። ዐዋቂ ሰው ዐርፎ ሲቀመጥ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ በእያንዳንዱም ትንፋሽ ግማሽ ሊትር ያህል አየር ያስገባል። ሲሮጥ ወይም ሸክም ሲያነሣ የሚያስፈልገው አየር ብዙ እጥፍ ይሆናል።

ይህን በራሳችሁ ላይ ማየት ትችላላችሁ። ሁለቱን እጆቻችሁን ከጡት በታች ባለው ጎድን ላይ አሳርፉና የመሐል ጣቶቻችሁን አነካኩ። ከዚያ በኋላ በደንብ ሳቡ። ጣቶቻችሁ ሲራራቁ ታያላችሁ። ጠፍንጎ የሚያስር ጨርቅ የሚከለክለው ይህን መራራቅ ነው። አንጥረኛ ወናፉን በገመድ አስሮ እሳቱ እንዲነድለት ቢጠብቅ እንደማለት ነው።

ሳንባ መነፋት ሲያቅተው ሰው በአጭር በአጭሩ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ይጀምራል። የሳንባ የታችኛው ክፍል በቂ አየር አያገኝም። ሳል ጉልበት ያጣል፤ አክታ ተጠርጎ አይወጣም። ጉንፋን በያዛት ልጅ ላይ ይህ ሲሆን ጉንፋኑ ሊጠናባት ይችላል። አስም ያለባት ከሆነች ደግሞ ደረቷን ጨርሶ ባታስር ይመረጣል።

በዚህ ላይ የከፍታው ነገር አለ። ሦስቱም ከተሞች ከባሕር ወለል በላይ ከ2,200 ሜትር የበለጠ ከፍታ ያላቸው ናቸው። በዚህ ከፍታ ያለው አየር ሳሳ ያለ በመሆኑ አንድ ትንፋሽ የሚያስገባው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው በሩብ ያህል ያንሳል። ሯጮቻችን ወደ ሱሉልታ ወጥተው የሚለማመዱት ሰውነታቸው በሳሳው አየር መሥራትን እንዲለምድ ነው። እነርሱ ግን ደረታቸውን ነጻ አድርገው ነው የሚሮጡት። ደረቷን ጠፍንጋ በሱሉልታ ሜዳ የምትሮጥ ተማሪ በሳሳው አየር ላይ ሌላ እጥረት በገዛ እጇ ትጨምራለች።

ሐኪሞች ራሳቸው የተዉት ልማድ

ቀድሞ ጊዜ ጎድኑ የተሰበረ ሰው ወደ ሆስፒታል ሲሄድ ደረቱ በፋሻ ይጠቀለልለት ነበር። አጥንቱ እንዳይንቀሳቀስ ታስቦ ነው። ነገር ግን እንዲህ የታሰረ በሽተኛ በጥልቀት መተንፈስና በኃይል መሳል ስለሚያቅተው ለሳንባ ምች ይጋለጣል። ስለዚህ ዛሬ ሐኪሞች የተሰበረ ጎድንን አይጠፈንጉም። የሕመም ማስታገሻ ሰጥተው በየሰዓቱ በጥልቀት እንዲተነፍስና ትራስ ደረቱ ላይ ደግፎ እንዲስል ይመክሩታል። ለተሰበረ ጎድን እንኳ የማይበጅ ነገር ለጤነኛ ደረት ሊበጅ አይችልም። ጎድኑን የተመታ ቤተሰብ ካላችሁ ለእጅና ለእግር ወለምታ ወጌሻ ዘንድ ብትሄዱም እንኳ ለደረት ግን ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት።

የወተት ነገርም እንዲሁ ነው። ወተት ለማድረቅ ጡትን ማሰር ቀድሞ በውጭ አገር ሆስፒታሎችም የሚመከር ነበር። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 ታትሞ የወጣ የአሜሪካ ጥናት ጡታቸውን የታሰሩ እናቶችን በልካቸው የሆነ ጡት መያዣ ካደረጉ እናቶች ጋር ሲያነጻጽር፣ የታሰሩት ይበልጥ እንደ ታመሙና ወተታቸውም ይበልጥ እንደ ፈሰሰ አሳይቷል። የታሰረ ጡት ውስጥ የቀረ ወተት ይጓጉላል፤ ቧንቧው ይዘጋል፤ ጡቱ ይቀላል፤ ትኩሳት ያመጣል፤ ሲብስም መግል ይይዛል። በሥራ ላይ ያለች እናት ከማሰር ይልቅ በዕረፍት ሰዓት ወተቷን በንጹሕ ዕቃ ብታልብ ይሻላታል። የታለበ ወተት ሞቃት ባልሆነ ክፍል ውስጥ ተከድኖ እስከ 4 ሰዓት፣ በማቀዝቀዣ ውስጥ እስከ 4 ቀን ይቆያል። ለሚፈሰው ደግሞ የታጠፈ ንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ጡት መያዣው ውስጥ ማድረግ ይበቃል። ጡት የምታስጥል እናት ሕፃኑ የሚጠባበትን ጊዜ ቀስ በቀስ ትቀንስ፤ ሲወጥራትም ቀዝቃዛ ጨርቅ ታድርግበት።

አዘውትረው የሚያስሩ ሰዎች የደረሰባቸው

ደረትን ስለ ማሰር በስፋት ከተደረጉት ጥናቶች አንዱ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የታተመው ነው። የተጠየቁት ቀደም ብለን ያነሣናቸው፣ ሴት ሆነው ተወልደው በሌላ ማንነት የሚኖሩ 1,800 ሰዎች ናቸው። ግማሽ ያህሉ በየቀኑ የሚያስሩ ነበሩ። ከ100ው 97ቱ ቢያንስ አንድ ዓይነት ጉዳት እንደ ደረሰባቸው ተናግረዋል። የጀርባ ሕመም፣ የደረት ሕመም፣ የሰውነት መጋል፣ የትንፋሽ ማጠርና የቆዳ ማሳከክ በብዛት የተነገሩት ናቸው።

ከዚህ ጥናት ሁለት ቁም ነገር እንወስዳለን። አንደኛው፣ ከጉዳቱ ጋር ይበልጥ ተያይዞ የተገኘው በሳምንት ውስጥ የሚታሰርበት ቀን ብዛት ነው። በየቀኑ የሚያስር ሰው ይበልጥ ይጎዳል፤ መሐል መሐሉን ቀን የሚያሳርፍ ያነሰ ይጎዳል። ሁለተኛው ለእናቶች የሚጠቅም ነው። እነዚሁ ሰዎች እየታመሙም ማሰራቸው ጭንቀታቸውን እንደ ቀነሰላቸው ተናግረዋል። እንግዲህ ሰው ሥቃዩን እያወቀ የሚያስረው ከሥቃዩ የባሰ ነገር ስላለበት ነው። «ተዪው!» የሚል ቁጣ ብቻውን የማይሠራውም በዚህ ምክንያት ነው።

ጨርቁ ነው ወይስ ሌላ በሽታ?

ደረት የሚያስጨንቅ ሁሉ ከጨርቅ የመጣ አይደለም። ስለዚህ መለየት ያስፈልጋል። ጨርቁን ፍቱና ቁጭ ብላችሁ ዐርፋችሁ ተንፍሱ። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ትንፋሽ ከተመለሰ ጥፋቱ የጨርቁ መሆኑ ነው። ተፈትቶም ካልተሻለ ሌላ ነገር አለ ማለት ነውና ምርመራ ያስፈልጋል።

ለምሳሌ ጥጥ በሚፈተልበትና በሚሸመንበት ፋብሪካ ውስጥ የሚሠሩ ሴቶች ቢሲኖሲስ የሚባል የጥጥ ብናኝ በሽታ ሊይዛቸው ይችላል። የዚህ በሽታ ዋና ምልክቱ ከዕረፍት በኋላ ወደ ሥራ በተመለሱበት የመጀመሪያ ቀን፣ ብዙውን ጊዜ ሰኞ፣ ደረትን ጭምቅ ማድረጉ ነው። ጥብቅ ጨርቅ የምታደርግ ሠራተኛ ይህን በጨርቁ ታሳብብና በሽታው ሥር ይሰዳል። በእንጨትና በኩበት ጭስ ውስጥ ስትጋግር የኖረች እናትም ለረጅም ጊዜ የሳንባ ሕመም የተጋለጠች ናት። ሳሉ 2 ሳምንትና ከዚያ በላይ ከቆየ፣ ማታ ማታ ላብና ትኩሳት፣ የሰውነት መክሳት ካለበት የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ማድረግ ግድ ነው። በመንግሥት ጤና ጣቢያ ምርመራውም ሕክምናውም በነጻ ነው።

የግድ ለሚያስር ሰው

ከሁሉ የሚሻለው አለማሰር ነው። ሆኖም የተለያየ ችግር ያለበት ሰው ዛሬውኑ እንዲተው ማዘዝ ቀላል አይደለምና፣ ቢያንስ የሚከተለውን ይጠብቅ።

አንደኛ፣ ላስቲክ ያለው ፋሻ፣ ፕላስተርና የፕላስቲክ መጠቅለያ ለደረት አይደረግም። ላስቲክ ፋሻ ለቁርጭምጭሚት ወለምታ የተሠራ ነው፤ በደረት ላይ ሲዞር ሰውነት በተንቀሳቀሰ ቁጥር እየጠበቀ ይሄዳል። ሁለት ጠባብ ጡት መያዣ መደራረብም ከዚህ አይሻልም። በምትኩ በልክ የሆነ የስፖርት ጡት መያዣ፣ በላዩም ወፍራም ካናቴራና ሰፋ ያለ ሸሚዝ ቢለበስ ደረትን ሳያፍን ቅርጹን ይሸፍናል። የስፖርት ጡት መያዣን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 በአሜሪካ የሠሩት ሊሳ ሊንዳል፣ ፖሊ ስሚዝና ሂንዳ ሚለር የሚባሉ ሴቶች ናቸው። ለሩጫ የሚሆን ስላጡ ራሳቸው ሰፍተው ሞከሩት። ዛሬ በየሱቁና በየሰልባጅ ተራው ይገኛል። ሲገዛ ላስቲኩ ያላለቀና በልክ የሆነ ይመረጥ፤ በጣም የሚጠብቀውን መምረጥ ግን ያው ፋሻ መግዛት ነው።

ሁለተኛ፣ ልኩን ፈትኑ። ሁለት ጣት ከጨርቁ ሥር እንደ ልብ መግባት አለበት። ለብሳችሁ ማዛጋት፣ መሳልና አንድ ረዥም ዐረፍተ ነገር ሳታቋርጡ መናገር ካልቻላችሁ ጠብቋል።

ሦስተኛ፣ ሰዓቱን ገድቡ። በሌሎች አገሮች ያሉ የጤና ባለሙያዎች በቀን ከ8 ሰዓት እንዳይበልጥ ይመክራሉ። በሕጋችን መደበኛው የሥራ ቀን 8 ሰዓት ነው፤ የሰልፉና የመንገዱ ጊዜ ሲጨመርበት 11 ወይም 12 ሰዓት ይሆናል። ስለዚህ በምሳ ዕረፍት መጸዳጃ ቤት ገብቶ ፈትቶ ጥቂት ማረፍ፣ ቤት እንደ ደረሱም እራት ከመሥራት በፊት መፍታት ይገባል። በተፈታ ጊዜ አምስት ስድስት ጊዜ በጥልቀት መተንፈስና ሁለት ሦስት ጊዜ ጠንከር አድርጎ መሳል ሳንባን ይከፍታል። በሳምንት ውስጥም ጨርሶ የማይታሰርባቸው ቀናት ይኑሩ።

አራተኛ፣ ታስሮ አይተኛም፤ ታስሮ አይሮጥም፤ ታስሮ ሸክም አይነሣም። ተማሪዋ የስፖርት ክፍለ ጊዜ ሲደርስ ፈትታ ሰፊ ሹራብ ብትለብስ ይሻላታል። ጉንፋንና ሳል በያዘ ጊዜም እስኪሻል ድረስ ይቅር።

አምስተኛ፣ ጨርቁ በየቀኑ በሳሙና ታጥቦ በፀሐይ ይድረቅ። ከጡት ሥር ያለው ቆዳ ታጥቦ ሳይደርቅ አይሸፈን። የቀላ፣ የሚያሳክክ ወይም የቆሰለ ቦታ ካለ እስኪድን አይታሰር።

እናት ምን ትበል?

ጨርቁን ያገኘች እናት መጀመሪያ ልታስወግደው የሚገባት ቁጣዋን ነው። ልጅቱን ከወንድሞቿ ፊት ሳይሆን ለብቻዋ፣ ምናልባት ቡና ሲቆላ ወይም ልብስ ሲታጠፍ ጠጋ ብላ፣ «ልጄ፣ ይህን ጨርቅ አየሁት። አልቆጣሽም። ስታስሪው ያምሻል ወይ?» ብላ ትጠይቃት። «ለምን?» የሚለው ጥያቄ ይቆይ። ስለ ሕመሟ የተጠየቀች ልጅ የቀረውን ራሷ ታወጣዋለች። ይህ ምክር በቤታችሁ ተቀጥራ ለምትሠራ ልጅም ነው፤ እናቷ አጠገቧ የለችምና።

መልሷ «ይስቁብኛል» የሚል ከሆነ ነገሩ ቀላል ነው። ሰፊ ልብስና በልክ የሆነ ጡት መያዣ ይገዛላታል፤ ከክፍል ኃላፊ መምህሯ ጋርም መነጋገር ይቻላል። የሰውነቷ ለውጥ የጤና እንጂ የነውር እንዳልሆነ አባትም ቢያውቀው መልካም ነው።

መልሷ ዝምታ ወይም ለቅሶ ከሆነ ግን ጠለቅ ብላችሁ እዩ። አንዳንድ ልጅ ደረቷን የምትሸፍነው የሚነካት ሰው ስላለ ነው። ሰውየው ዘመድ ወይም ጎረቤት ወይም አሠሪ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሆነ ጥፋቱ የእርሷ እንዳልሆነ ደጋግማችሁ ንገሯት፤ ወደ ፖሊስ የሴቶችና ሕፃናት ክፍል አመልክቱ። በአዲስ አበባ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሕክምናውንና የፖሊሱን ጉዳይ በአንድ ቦታ የሚያስተናግድ ማዕከል አለ።

መልሷ «እኔ ሴት ነኝ ብዬ አላስብም» የሚል የሆነ እንደሆነስ? ይህን የሰማች እናት መደንገጧ አይቀርም። ቢሆንም ልጅን መደብደብ ወይም ከቤት ማስወጣት የሚያተርፈው ነገር የለም፤ ልጁ ጎዳና ላይ ይወድቃል፤ ጨርቁም ይበልጥ ይጠብቃል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2019 አጽድቆ ከ2022 ጀምሮ በሥራ ባዋለው የበሽታዎች መዝገብ ይህን ጉዳይ ከአእምሮ ሕመሞች ምዕራፍ አውጥቶታል። እናት በዚያች ቀን ሁሉን መረዳት አይጠበቅባትም። «ልጄ ነህ» ወይም «ልጄ ነሽ» ለማለት ቢቸግራት እንኳ «ልጄ» ማለት ትችላለች፤ ቀጥላም «ማታ ፍታው፤ ሲያምህ ንገረኝ» ወይም «ማታ ፍቺው፤ ሲያምሽ ንገሪኝ» ማለት አያቅታትም። የዚያን ልጅ ትንፋሽ የሚጠብቀው ይህ ቃል ነው።

ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም የሚያስኬዱ ምልክቶች

የሚከተለው ሲታይ ጨርቁን ፈትቶ በቶሎ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል መሄድ ይገባል፤ ተቀምጠው እያሉ ትንፋሽ ሲያጥር፤ አየር ሲያስገቡ የሚበረታ ውጋት ሲኖር፤ ራስን ሲያስት፤ ክንድ ወይም ጣት ሲደነዝዝ፤ ከንፈር ሲጠቁር፤ ደም የቀላቀለ አክታ ሲመጣ፤ ጡት ቀልቶ ትኩሳት ሲይዝ፤ ጎድን ላይ ሲጫኑት የሚያምና የማይለቅ ሕመም ሲሰማ።

እዚያ ስትደርሱም ለነርሷ ወይም ለሐኪሙ «ደረቴን አስር ነበር፤ በቀን ይህን ያህል ሰዓት» ብላችሁ በግልጽ ንገሩ። ይህ ካልተነገረ ሐኪሙ አስም ወይም የልብ በሽታ ሲፈልግ ጊዜና ገንዘባችሁ ይባክናል። የበሽተኛውን ምስጢር መጠበቅ የሐኪም ግዴታው ነው። ያገራችን ሰው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ማለቱም ለዚህ ነው። መናገር የሚያሳፍራት ልጅ ካለችም ከቤት ወደ ቤት የምትዞረውን የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ለብቻ ማነጋገር አንዱ መንገድ ነው።

በዚህ ሳምንት የልብስ ማጠቢያው ቀን ሲደርስና ያ የተጨማደደ ጨርቅ ከዩኒፎርሙ መሐል ሲወጣ፣ አጥባችሁ አታስጡት፤ አትጣሉትም። ይዛችሁት ከልጃችሁ ጋር ተቀመጡ።